ብርዱ እንዴት ነው?

«በረደኝ» የሚለውን ቃል አንዴ ቀስ ብላችሁ በሉት። አድራጊው ማን ነው? እኔ አይደለሁም። እኔ ከቃሉ ጭራ ላይ «ኝ» ሆኜ የተንጠለጠልኩ ተደራጊ ነኝ። አድራጊው «እሱ» ነው፤ ስሙ የማይጠራ፣ መልኩ የማይታይ አንድ ነገር። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ጨነቀኝም እንደዚሁ ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲበርደው «ቀዝቃዛ ነኝ» ይላል፤ ፈረንሳዊው «ብርድ አለኝ» ይላል። የእኛ ቋንቋ ግን ሰውየውን ከአድራጊነት አውርዶ ያስቀምጠዋል። ብርድ የሚደረግብን እንጂ የምናደርገው ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ «በረድኩ» በሉ። ትርጉሙ ተገለበጠ። «በረድኩ» ያለ ሰው ጋቢ አያስፈልገውም። ተቆጥቶ ነበር፣ ንዴቱ ወርዶለታል፣ አሁን ቀርበው ቢያናግሩት ይሰማል። ሥሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የባለቤቱ ቦታ ብቻ ነው። ሰው ተደራጊ ሲሆን መከራ ነው፣ አድራጊ ሲሆን ዕርቅ ነው።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቻናል ላይ ጊዜያችሁን ባልወሰድኩ ነበር። ግን ቂርቆስ ነው የምኖረው፤ ያለፉትን ዓመታት ዜና ስሰማ፣ ጎረቤቶቼን ስሰናበት የከረምኩትም እዚሁ ነው። እነዚህ ሁለት «በረደ»ዎች በየቀኑ ሲምታቱ እሰማለሁ። አንዱ ሌላውን ሲሸፍነው ደግሞ ጉዳት አለው።

ቃሉ ጥንታዊ ነው። ግዕዙ «በረድ» ይላል፣ ዐረቦች «በርድ» ይላሉ፣ ዕብራይስጡ ለበረዶ «ባራድ» ይላል። «ቁር»ም የዚያው ዘመን ዕቃ ነው፤ ዛሬ ግን ከመጽሐፍና ከዜና ካልሆነ በቀር ሰው አፍ ላይ ብዙም አይገኝም። ደገኛው ከዚህ በላይ አለው። «ውርጭ» አለ፣ «አመዳይ» አለ። ጣት ደርቆ የሸሚዝ ቁልፍ አልቆልፍ ሲል ደግሞ «ቆፈን» አለ። እኔ በተለይ ቆፈንን እወደዋለሁ፤ አንድ የተለየ ስቃይ፣ ያውም በጣት ጫፍ ብቻ የሚሰማ፣ የራሱ ስም ማግኘቱ ደስ ይለኛል። አርሶ አደሩ አገሩን በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ ሲከፍል ከላይ ያለውን መሬት «ውርጭ» ብሎ ነው የሚጠራው። ብርዱ ራሱ የመሬቱ ስም ሆነ ማለት ነው።

የቂርቆስን ስም ደግሞ ልብ በሉት። ክፍለ ከተማው የሚጠራው በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሦስት ዓመቱ ሕፃን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ወደሚፈላ ውሃ ተጣለ፣ መልአኩ ገብርኤል ወርዶ ፍላቱን አበረደው። ሐምሌ 19 የሚከበረው ይኸው ነው። ታኅሣሥ 19 ደግሞ የሠለስቱ ደቂቅ በዓል ነው፤ እዚያም እሳት ነው የበረደው። ሐምሌ ዝናቡና ጭቃው፣ ታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ፤ ሁለቱም በዓላት ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድባቸው ወራት ላይ ይውላሉ። ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ «አበረደልን» ብለን እናመሰግናለን። ማንም ግር አይለውም።

ለነገሩ አዲስ አበባ ራሷ የብርድ ልጅ ናት። ምኒልክና ጣይቱ እንጦጦ ላይ ነበሩ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ። ለጠላት የማይመች፣ ለነዋሪውም ያልተመቸ ቦታ ነበር፤ ነፋሱ አጥንት ይገባል፣ ማገዶውም አልቋል። ከታች ፍል ውሃው ይጨሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ከእንጦጦ አናት ወደ ፍል ውሃ መውረድ ማለት በሙቀት መለኪያ ሲታይ ከ5 ዲግሪ ያላነሰ ለውጥ ነው። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ እዚያ ቤት አሠርተው «አዲስ አበባ» አሏት። አበባዋን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የሸሸችውን ብርድ ግን ማንም አያነሳም። ኋላም ማገዶ ጠፍቶ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ያቆማት ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ከተማችን በመጀመሪያ ዘመኗ ሁለት ጊዜ ስለ ሙቀት ብላ ቦታዋን መርምራለች ማለት ይቻላል።

ከፍል ውሃው ጥቂት ወጣ ብሎ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ሠሩ። ቤቶቹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ነበር፣ ቤቶቹ ደግሞ በጣሊያንኛ «ካዜ»፤ ካዛንቺስ። ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ስሙ ቀረ፣ በዙሪያው ደግሞ የጭቃ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ኋላም ሒልተኑና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽኑ መጡ። ሁልጊዜ የሚያስቀኝ አንድ ነገር አለ፤ ለስብሰባ የመጡ የውጭ እንግዶች ሐምሌ ላይ በስስ ሸሚዝ ከሆቴል ወጥተው በር ላይ ድርቅ ሲሉ አያለሁ። አፍሪካ ሞቃት ናት ተብለው ነው የመጡት። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ባመጡት «የ13 ወር ፀሐይ» መፈክር ያመኑም ይኖራሉ። ፀሐዩ እውነት ነው፣ ግን ጥላ ውስጥ ሲገቡ ሌላ አገር ነው። ከዛፉ ጥላ ስር አንድ እርምጃ ወጣ፣ አንድ እርምጃ ገባ ማለት እኛ ከተማ ውስጥ ወቅት መቀየር ነው።

ቤቶቻችን ደግሞ ብርድ ያለ አይመስላቸውም። ማሞቂያ የለንም። ግድግዳው ጭቃ ነው ወይ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ። ያለን መሣሪያ ልብስ ነው። እስቲ «ብርድ ልብስ» የሚለውን አስቡት፤ የሚያሞቀውን ነገር በጠላቱ ስም የጠራን ሰዎች ነን። ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሚወጣው ብርድ ልብስ በልጅነቴ የማይገባበት ቤት አልነበረም። ከተማዋ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እኛ ቤት «ደብረ ብርድ» እየተባለች ይቀለድባት ነበር። ብርድ የሚያውቅ ሰው የሠራው ነው ብሎ ማመን ያጽናናል።

አሁን ወደ ሐኪም ቤት እንግባ፤ «ብርድ» ከሙቀት መለኪያ ፈጽሞ የሚፋታው እዚያ ነው። ወረፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ወገቤን ብርድ መታኝ። ኩላሊቴን ብርድ ነው። ማህፀኔን ብርድ ገብቶበታል። ደረቴ ላይ ብርድ አለ። ብርድ ይመታል፣ ይገባል፣ ይይዛል፣ ይቀመጣል፤ እንደ ሰው ነው የሚኖረው። ፀሐይ በበኩሏ «ምች» ትልካለች። የበሽታ ሁሉ መነሻ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንድ የሰፈራችን ጤና ረዳት በቀልድ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ «ታማሚ ሲገባ ምርመራውን ጨርሶ ነው የሚመጣው፣ እኔ የማደርገው መድኃኒት መጻፍ ብቻ ነው» ይላል።

ለአራስ ሴት ያለው ጥንቃቄ ይገባኛል። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይደፈናል፣ ገንፎው በቅቤ ይመጣል፣ «ብርድ እንዳይመታት» ይባላል። እውነተኛው ትርጉሙ ይህች ሴት እንድታርፍ፣ ማንም ለሥራ እንዳይጠራት፣ ሰው ሁሉ እንዲንከባከባት ነው። ብርድ እዚህ ላይ ደግ ሰበብ ነው። እናቶቻችን ለአንዲት ሴት አርባ ቀን ዕረፍት ማግኛ ሌላ ምን ቃል ነበራቸው?

ሕፃን ልጅ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስና ጎኑ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ግን «ብርድ ነው፣ ይሻለዋል» የሚለው ነገር ይገድላል። ያ የሳንባ ምች ነው። የሳንባ ምች በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው፤ አንዱን ዋነኛ መነሻውን የሚከላከል ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ገብቷል። ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ሁለት ቀን መጠበቅ የቃሉ ጥፋት ነው ባልልም ቃሉ ያግዘዋል፤ ስም የተሰጠው ነገር የታወቀ ይመስላል።

ሌላም አለ። በየክረምቱ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ እያለ ያስጠነቅቃል፤ በየክረምቱም ጠዋት በሩ ሲንኳኳ የማይከፈት ቤት አለ። የከሰሉ ጭስ ካበቃ በኋላም አደገኛ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ እንቅልፍም ያመጣል። ብዙዎቹ ጠባብ ቤት ውስጥ የሚኖሩ፣ አንዳንዴ በቅርቡ ከክፍለ ሀገር የመጡ ሰዎች ናቸው። ከተማዋ ስለ ብርድ ተብሎ ከተራራ ወርዳ ከተመሠረተች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አሁንም ብርድ ያስገደደው ሰው ራሱን ሳያውቅ ይሞትባታል።

«ቀዘቀዘ» የሚለው ወንድሙ ሌላ ጠባይ አለው። እሱ አይመታም፤ ያከስማል። ገበያው ቀዝቅዟል። ሥራ ቀዝቅዟል። ፍቅራቸው ቀዘቀዘ። «ዘንድሮ በዓሉ ቀዘቀዘብኝ» የማይል ሰው አላውቅም፤ በየዓመቱ እንላለን፣ ስለዚህ በዓሉ ሞቆ የነበረበትን ዓመት ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጠርሙስ ላይ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ካፌ ገብታችሁ አምቦ ውሃ ስታዙ «ቀዝቃዛ ይሁን?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፣ እዚያ ቀዝቃዛ ማዕረግ ነው። እናትየው ደግሞ ከጎን «ተው፣ ቶንሲልህ ይነሳል!» ትላለች።

በነገራችን ላይ ጋዜጠኞቻችን «በቀዝቃዛ ደም ገደለው» ማለት ጀምረዋል። የእኛ አይደለም፤ ከፈረንጅ አፍ የተወሰደ ነው። በእኛ ጨካኝ ሰው ደረቅ እንጂ ቀዝቃዛ አይደለም፤ አንጀተ ደረቅ፣ ልበ ደንዳና። «ደመ ቀዝቃዛ» ያለው ከባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ እባብና እንቁራሪት ብቻ ነው። እንዲያውም በአማርኛ አደገኛው ሰው የጋለው ነው፤ በራሱ ላይ እሳት የጫነው። ለዚህ ነው ሽማግሌ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «እስቲ በረድ በሉ» የሚሆነው።

«ቀዝቃዛው ጦርነት» የሚለውም በውሰት የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1945 በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀመበት ቃል ነው፤ ኋላ ዓለም ተቀበለው። ቀዝቃዛ የተባለው ዋሺንግተንና ሞስኮ ፊት ለፊት ስላልተታኮሱ ነው። ለእነሱ እውነት ነበር። እኛ ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ነበርን፤ አሜሪካ ከኛ ወጥታ፣ ሶቭየት ገብታ፣ የኩባ ወታደር ሐረርጌ ደርሶ፣ ታንክ እየነደደ። ያንን ጦርነት በአማርኛ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ «የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን» በሚል ርዕስ ስር ሳነበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ስሙን ያወጣው ቤቱ ያልተቃጠለው ነው።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ዜናችን ውስጥ እጅግ የተወደደው ግስ «በረደ» ነው። ግጭቱ በረድ ብሏል። ሁኔታው በአንጻራዊነት በርዷል። ውጥረቱ እየበረደ ነው። ጥሩ ቃል ነው፤ የሽማግሌ ቃል ነው፤ በእሱ ደስ የማይለው ሰው የለም። ችግሩ ያለው «ኝ»ው ስለሌለበት ነው። «ጦርነቱ በረደ» ሲባል ጦርነቱ አድራጊ ነው፣ ሰው የለበትም። ሰው ስትጨምሩበት ግሱ ይገለበጣል። ጦርነቱ በረደ፤ ሰዎቹንስ? ሰዎቹን በረዳቸው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም እዚህ ሰፈር ሰው በስልክ እየተደዋወለ አለቀሰ፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ዛሬም ይለኛል። መድፍ ዝም ማለቱን የሚያሳንስ ሰው መድፍ ያልሰማ ነው። ግን ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ከዚያ ፊርማ በኋላም ክረምት እየመጣ ክረምት እየሄደ በትምህርት ቤትና በድንኳን አሳለፉ። ለዜናው በርዷል። ለእነሱ ደግሞ በሁለተኛው ትርጉም፣ በድንኳኑ ትርጉም፣ በርዷቸዋል። የአማራ ክልሉም ነገር እንዲሁ ነው፤ አንድ ሳምንት ከአንድ ከተማ ወሬ ሲቀር «በረድ ብሏል» እንላለን፣ አንዳንዴ የበረደው ኔትወርኩ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ነው፤ «አይሞቀው አይበርደው»። ድሮ ይህ የሚባለው ለአንድ ግድ የለሽ ጎረቤት ወይም ለሰነፍ ባል ነበር። አሁን ስለ ራሳችን እንላለን። ዜና ትከታተላለህ ወይ ስትሉት «ኧረ እኔ አሁን አይሞቀኝ አይበርደኝ» የሚል ሰው በየካፌው አለ፤ ይህን ቻናል የምታነቡም አንዳንዶቻችሁ በኮሜንት እንዲሁ ብላችሁ አንብቤያለሁ። አልፈርድም። ለብዙ ዓመት አንዴ ሲፈላ አንዴ ሲቀዘቅዝ የኖረ ብርጭቆ መጨረሻው መሰንጠቅ ነው፤ ሰው ራሱን ከመሰንጠቅ ለማዳን ሲል መሰማት ሊያቆም ይችላል። ግን «በረደኝ» ማለት የሚችል ሰው ቢያንስ ገና ብርዱ ይሰማዋል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ካዛንቺስ ሲነሳ ነገሩ በየቦታው ጋለ። ፌስቡክ ጋለ፣ ታክሲ ውስጥ ጋለ፣ ለቅሶ ቤት ጋለ። አንዱ ከተማ ነው የሚሠራው ይላል፣ ሌላው ቤት ነው የሚፈርሰው ይላል፤ ሁለቱም እውነት ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ በረደ። አስፋልቱ ሰፋ፣ የእግረኛ መንገዱ አማረ፣ መብራቱ በራ፣ ሰው ፎቶ መነሳት ጀመረ። አሁን ካዛንቺስን ያነሳ ሰው እንዳለቀ ጉዳይ ነው የሚያነሳው።

የፈረሱት ቤቶች ምን ዓይነት እንደነበሩ ልናሳምራቸው አይገባም። ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ኩሽናው የጋራ፣ ዝናብ ሲጥል ባልዲ የሚደረደርባቸው። በሙቀት መለኪያ ቢለኩ ከውጭው አየር ብዙ አይለዩም። ሆኖም በአማርኛ «የሞቀ ቤት» ሲባል እሳት የሚነድበት ማለት አይደለም። «የሞቀ ቤቱን ትቶ ሄደ» የሚባለው ሰው ምድጃ ትቶ አይደለም የሚሄደው። የሞቀ ቤት ሰው የሚገባ የሚወጣበት፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ጎረቤት የማይነሳበት፣ ልጅ ሲያለቅስ ከሦስት ቤት ድምፅ የሚሰጥበት ነው። በዚህ መለኪያ ካዛንቺስ ከተማው ውስጥ ካሉት ሞቃት ቦታዎች አንዱ ነበር።

ከተነሱት ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ከነሱ አንዷ እናቴን የሚያህሉ፣ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሴት ናቸው። እቤታቸው ቡና ያልጠጣ የሰፈር ሰው የለም። ከሄዱ ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ደወልኩላቸው። ስልኩ እንደተነሳ፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣ ከአፌ የወጣው «እማማ፣ ብርዱ እንዴት ነው?» የሚል ነበር።

ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። ውጭ አገር ላለ ዘመድ የምንጠይቀው ነው። ሚኔሶታ፣ ቶሮንቶ፣ ስቶክሆልም ያለ ወንድም ሲደወልለት ከጤናው ቀጥሎ የሚጠየቀው «ብርዱን እንዴት ቻልከው?» ነው፤ ግንቦትም ይሁን ነሐሴ ይጠየቃል። እሱም «ለመድነው» ይላል። ስለ አየር ጠባይ የሚነጋገሩ ይመስላሉ። ሁለቱም ግን ብቸኝነትን በቀጥታ ለመጥራት ስለሚፈሩ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ በዚያው ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የከተማ አውቶቡስ ለሚደረስባቸው ሴት ጠየቅሁት።

«ኧረ ልጄ፣ ብርዱስ አይጣል ነው!» አሉኝ።

ገረመኝ። ከመሀል ከተማ ወደ አቃቂ በወረድን ቁጥር ከፍታው ይቀንሳል፤ በሳይንሱ እዚያ ከካዛንቺስ ጥቂት ሞቅ ማለት አለበት። ቤቱም የብሎኬት ነው፣ ፎቅ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ምናልባት አዲስ ግንብ ስላልደረቀ ነው ብዬ፣ ምናልባት ነፋሱ ነው ብዬ፣ «ሌሊት ነው የሚበርድዎት ወይስ ጠዋት?» አልኳቸው።

«ሌሊትማ እተኛለሁ። ከሰዓት ነው እንጂ። ሁሉም በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ያኔ።»

ቆየት ብለው ደግሞ ፍርዳቸውን እንዳላጣምም የፈለጉ ይመስል ዘረዘሩልኝ። ሽንት ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ሌሊት በጭቃ መውጣት ቀርቷል። ውሃው ሲመጣ ከግድግዳው ነው የሚመጣው። ጉልበታቸው ደረጃውን አልወደደውም ግን ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ፀሐይ ይገባላቸዋል። «ቤቱስ ቤት ነው» አሉ። ዕድራቸው ገና አልፈረሰም፤ ግን አባላቱ በአራት አቅጣጫ ስለተበተኑ ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን ይጫን፣ መኪናውን ማን ይከራይ የሚለው እያነታረከ ነው። ባለፈው አንድ ለቅሶ ላይ ቀብሩ ሲያልቅ እንባው ሳይደርቅ ሁሉም ሰዓቱን እያየ ወደ አውቶቡስ ሮጠ። «ለቅሶው ራሱ ቀዘቀዘብን እኮ» አሉኝ።

ቡና ያፈላሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ያፈላሉ። መጀመሪያ ሰሞን በር አንኳኩተው ጎረቤት ጠርተው ነበር፤ አንዷ ሥራ ላይ ነች፣ አንዷ የምትመጣው ከመሸ ነው፣ አንደኛው ቤት ገና ሰው አልገባበትም። አሁን አንዲት ከለገሃር አካባቢ የመጡ ሴት አግኝተዋል፤ እሳቸውም እንደሳቸው ከተነሱ ናቸው። ሁለቱ አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ ያፈላሉ። አቦል ላይ ወሬው ያልቃል፣ ቶና ላይ ዝም ይላሉ፣ በረካ ላይ የድሮ ሰፈራቸውን ይቆጥራሉ። ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። ሳቃቸው የድሮው ነው።

ከዚያ «እናንተ ጋስ፣ ብርዱ እንዴት ነው?» ብለው መለሱልኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። የኛ ቤት አልተነሳም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ነው የተነሳው። ድሮ የእሳቸው ግቢና የጎረቤቶቻቸው ቆርቆሮ ነፋሱን ይከለክሉልን ነበር፤ አሁን ሰፊው መንገድ ነው ያለው፣ ሣሩ ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፣ ነፋሱ ያለ ከልካይ ቀጥታ በመስኮቱ ይገባል። እናቴ ከጓዳ «ማን ነው?» አለች። ስልኩን ሰጠኋት። እኔ መስኮቱን ልዘጋ ስነሳ እሷ ወንበር ስባ እየተቀመጠች ነበር፤ አንድ ሰዓት ከሩብ አወሩ።